ሰው ሳይሞት የደረሰ እዝን

በሰባ ሰባት ኅዳር የሰንበቴያችንን ዳቦ የምቆርሰው እኔ ነበርሁ። መምሬ ገብረየሱስ ከባረኩት በኋላ ቢላዋው ወደ እኔ ይተላለፋል። እጇ ልክ ያውቃል ይሉኝ ነበር። የእኛ አጥቢያ ከዘመሮ አንድ ሰዓት የሚያስኬደው ሚካኤል ነው። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ተረኞቹ ዳቦና ጠላ ያመጣሉ፤ አባሉ ይቀምሳል፣ በበሩ ለተቀመጡት ነዳያንም ይሰጣል። በደኅናው ዘመን ነዳያኑ አምስት ወይም ስድስት ነበሩ። ስማቸውንም አመላቸውንም እናውቅ ነበር፤ አንዷማ ዳቦው ያረረ እንደሆነ ትቆጣን ነበር።

በዚያ ኅዳር አንድ እሑድ አርባ ሆኑ። በሚቀጥለው ሰማንያ። ከዚያ ወዲህ መቁጠሩን ተውሁት። በልጉ ሳይዘንብ ቀርቶ፣ የክረምቱንም ገብስ ፍሬ ሊይዝ ሲል ውርጭ መትቶት ነበር። ከጊሼ በኩል ልጆቻቸውን አዝለው የሚመጡት፣ መሐል ሜዳ የእርዳታ እህል ይታደላል ሲባል ሰምተው የሚሄዱ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ሲያዩ ያርፋሉ። እኔም እቆርሳለሁ። ቁራሹ እያነሰ ሄዶ የአውራ ጣት አከለ።

የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት መሪያችን፣ ጋሼ መርስዔ ኃዘን አንድ እሑድ ተነሥተው፣ "ጠላው ይቅር። ለብቅል የሚወጣው ገብስ ዳቦ ይሁን" አሉ።

"ሰንበቴ ያለ ጠላ ለቅሶ ያለ እንባ ነው" አለች ዘነበች። ዘነበች ጎረቤቴ ናት፤ ምላሷ ሰው አይፈራም።

"እንባውስ መች ጠፋ፣ ዘነበች" አሏት። ጠላው ቀረ።

እኔ የምፈራ ሴት ነኝ፤ ይህን አልደብቅም። ልጄ ኪዳነ ወልድ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ዓመት አልፎት ነበር። ሚስቱ አማከለችን በወለደች በሳምንቷ ሞታለች። ሲሄድ ልጅቷን በአንገቴ አንጠልጥሎ፣ "እናቴ፣ አደራሽን" ብሎኝ ሄደ። ስድስት ዓመቷ ነበር። ሌሊት ብታስነጥስ ተነሥቼ ግንባሯን እዳስሳለሁ። በቤቴ ሁለት ጎታ ነበረ። አንደኛው የምንበላው፣ ከወገቡ በታች የወረደ። ሁለተኛው አፉ በጭቃ የተመረገ፣ ለበልግ የምንዘራው ገብስ። ልጅቷ ወደ ተመረገው እያየች፣ "እምዬ፣ ያኛውስ?" ስትለኝ፣ "ያ ዘር ነው፤ ዘሩን የበላ ዓመቱን በላ" እላት ነበር።

ከእኔ ቤት ዝቅ ብሎ የትምወርቅ ትኖራለች። በእኛው ደብር ያገለገሉት የመምሬ ወልደ ጻድቅ ልጅ ናት፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ አባይነህ በመስከረም፣ አዋሽ ወርጄ ጥጥ እለቅማለሁ ብሎ ሄዶ ወሬው ጠፋ። ሁለት ልጆች አሏት፤ መኳንንት ስምንት ዓመቱ፣ ጌታነሽ ሦስት ዓመቷ።

ይህች ሴት ከጽጌ ጾም ጀምራ፣ "ባሌ በሰላም እንዲመለስ ስእለት ገብቻለሁ፤ እስከ ገና ማታ ማታ ብቻ ነው የምቀምሰው" ማለት ጀመረች። ለነቢያት ጾም እኛ ገና ስንገባ እሷ ወር አልፏት ነበር። ከሳች። ጉንጯ ገባ፤ ዓይኗ ብቻ ቀረ። በቅዳሴ ጊዜ ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም እያየን፣ "አቤት ጽናት! የአባቷ ልጅ!" እንባባል ነበር። ሰንበቴ ላይ የደረሳትን ቁራሽ ስማ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥራለች እንጂ አትቀምስም። ጾመኛን ብላ ማለት የፈታኝ ሥራ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሰሃን ይዞ ወደ እሷ ቤት የወረደ አልነበረም። እንዲህ ያለች ምራት በኖረችኝ እያልሁ ለሌሎች ሴቶች ምሳሌ አደርጋት ነበር።

የእሷን ቁራሽ ደግሞ አሳንስ ነበር። ጾመኛ አይደለች፣ ምን ያደርግላታል? ብዬ። ከእሷ ያሳነስሁትን ጠርዝ በመቀነቴ ቋጥሬ ለአማከለች እወስዳለሁ። ይህን ከንስሐ አባቴ በቀር ለማንም ሳልናገር ኖሬአለሁ።

በኅዳር መጨረሻ መሐል ሜዳ ገበያ ወጥቼ አንድ የጊሼ ሰው አገኘሁ። የየትምወርቅ አክስት አልጣሽ መሞቷን ነገረኝ። አልጣሽ የእናቷ እኅት ናት፤ እናቷ ስትሞት ጡት ያልጣለችውን ልጅ ያሳደገቻት እሷ ናት። መርዶ እንዲህ በመንገድ የሚወረወር ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚረዳው። ለሙሴው ነገርኋቸው። "በዚህ ጾሟ ላይ ለቅሶ ቢጨመርባት ትወድቃለች። ስእለቷን ትፈጽምና ከገና በኋላ እናርዳት" አሉ። ለእኔም ደግ ምክር መሰለኝ።

በታኅሣሥ መግቢያ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ያዳፈንሁት እሳት ጠፍቶ አደረ። ገል ይዤ እሳት ልጭር ወደ የትምወርቅ ቤት ወረድሁ።

"ደኅና አደርሽ የትሜ? እሳት ፈልጌ ነው።"

በሩን በትከሻዋ ይዛ ቆመች። "ደኅና አደሩ እትዬ? እሳትስ ጠፍቶብናል።"

"ጠፋ? እስቲ አመዱን ልጫረው፤ ከሥር አንድ ፍም አይጠፋም።" ልብ ሳልል በእጇ ሥር ገባሁ።

ጣቴን ምድጃው ውስጥ ሰደድሁ። አመዱ መቀዝቀዝ ብቻ አልነበረም፤ እርጥበት ጠጥቶ ተጋግሯል። የአንድ ሌሊት አመድ አይደለም። በእኛ አገር በታኅሣሥ ብርድ ያለ እሳት የሚያድር ቤት የለም፤ ጥጃም ቢሆን ከሰው ጋር ገብቶ ነው የሚያድረው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኋት።

"ጾመኛ ምን እሳት ያስፈልጋታል።"

"ልጆቹስ ጾመኞች ናቸው?"

ልጆቹ በአንድ አሮጌ ባና ተጠቅልለው መደቡ ላይ ተኝተዋል። መኳንንት አየኝ፤ ግን ቀና አላለም። ጌታነሽን ገለጥኋት። ጠጉሯ ቀልቷል። እግሯ አብጧል፤ ጣቴን ባሳርፍበት ጉድጓዱ ሳይሞላ ቆየ። አላለቀሰችም። የሦስት ዓመት ልጅ፣ እንግዳ ሴት በቀዝቃዛ እጇ ስትነካት አላለቀሰችም።

በራስጌያቸው የሙዳይ ክዳን አለ። በውስጡ ሦስት የዳቦ ፍርፋሪ ተደርድሯል። እሑድ የሰጠኋት ቁራሽ ነው። ሰባት ቦታ ቆርጣዋለች፤ ለየቀኑ አንድ፣ እሱንም ለሁለት ልጅ። አራቱ ተበልቶ የሐሙስ፣ የዓርብና የቅዳሜ ቀርቷል። የራሷ ድርሻ በውስጡ አልነበረም። የቢላዋዬን ልክ አወቅሁት። ያ የጎደለው ጠርዝ የት እንደ ሄደ የማውቀው እኔ ነኝ። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ።

"ምነው የትሜ? ምነው ሰው የለሽም? ምነው መሐል ሜዳ ወጥተሽ አልተመዘገብሽም?"

"የመምሬ ወልደ ጻድቅ ልጅ ለልመና ተሰለፈች ይበሉ?"

"ሁሉም ተሰልፎ የለ እንዴ! ማን ማንን ያማል?"

"የሚያማ አይጠፋም። አባቴ ለዚህ ሁሉ ሰው እጁን ዘርግቶ ባርኳል። እኔ በዚያው ሰው ደጅ እጄን አልዘረጋም።"

ወደ ቤቴ ሮጬ፣ እሮጣለሁ ካልሁ፣ በሶና ከዘነበች ቤት የጫርሁትን እሳት ይዤ ተመለስሁ። በሶውን ስታይ ወደ ኋላ አለች።

"ለልጆቹ ነው" አልኋት።

"ብድር ከሆነ እቀበላለሁ። ግን ይማሉልኝ፤ ለማንም እንዳይናገሩ።"

"እኔ ብቻዬን እስከ መቼ..."

"ይማሉልኝ እትዬ። በሚካኤል። ካልማሉ በሶዎን ይዘው ይሂዱ።"

እንደማትቀበለኝ ከዓይኗ አየሁ። ማልሁ። በሶውን በውኃ አቅጥኜ ለልጆቹ በማንኪያ አቀመስኋቸው፤ የተራበ አንጀት ብዙ ከበላ ይሞታል ሲሉ ሰምቼ ነበርና። እሷን ቅመሺ ብላት፣ "ጾም ላይ ነኝ" አለችኝ። እያወቅሁ! እያየኋት! ስእለቱ ለራሷም ወጥመድ ሆኖባት ነበር፤ እሱን ከተወችው ረሃቡ ይገለጣል።

ወጥቼ ከአጥሩ ሥር ቆምሁ። የምንበላውን ጎታ ለአምስት አፍ ባደርገው ጥር አይደርስም። ዘሩን ብነካ በልጉ ሲመጣ ምን እዘራለሁ? ኪዳነ ወልድ ተመልሶ አማከለችን ሲጠይቀኝ ምን እለዋለሁ? የጎረቤቱ ሁሉ እጅ ካልተጨመረበት አይሆንም። እንዳልናገር ደግሞ ምያለሁ። ይህን ሳወርድ ሳወጣ፣ በማዶው ዳገት ሴቶች ነጭ በነጭ ሆነው ሲወርዱ አየሁ። በየራሳቸው ላይ የተሸፈነ ዕቃ። ትናንት እዚያ ቤት ሰው ሞቶ ነበር፤ እዝን ይዘው ለቅሶ መድረሳቸው ነው። ማንም አልጠራቸውም። የዚያች ቤት ሴት ምጽዋት ተቀበለች የሚል አፍ የለም። ሐዘንተኛ ነቻ። እንቢ ብትልም ይዘው ያጎርሷታል።

ቀጥ ብዬ ወደ ሙሴው ቤት ሄድሁ። ገመድ እየገመዱ ነበር።

"ጋሼ፣ የአልጣሽን መርዶ ነገ እናርዳ።"

"ከገና በኋላ አልተባባልንም?"

"ነገ ይሁን።"

መግመዱን አቆሙ። "ምን አየሽ?"

"ምያለሁ።"

"ከማልሽ አልጠይቅሽም።" ገመዱን ጠቅልለው አስቀመጡና፣ "ሌላስ?" አሉኝ።

"እስከ ሰባት ቀን እንቀመጥላት።"

"ለአክስት? እኔ ለእናቴ እንኳ ሰባት ቀን አልተቀመጥሁም፣ ገበያነሽ! በዚህ ዘመን ስንት ለቅሶ አለ? ሰው እዝን የሚያመጣው ከየት ነው?"

"እኔ እጀምራለሁ።"

ፊቴን አዩት። የምጨነቅ ሴት መሆኔን ያውቃሉ፤ ለእርጎ ዝንብም እንደምጮህ ያውቃሉ። እንደዚያ ግን አይተውኝ አያውቁም መሰለኝ። "መምሬን እኔ እነግራቸዋለሁ" አሉ።

ማታ የተመረገውን ጎታ አፍ በመጥረቢያ እጀታ ሰበርሁት። አማከለች እሳቱ ዳር ተቀምጣ ታየኛለች።

"እምዬ! ዘር ነው አላልሽም?"

"ነው።"

"ዓመቱን ልንበላው ነው?"

አንድ ቁና ገብስ ሰፍሬ፣ ባቄላ ጨምሬበት ለንፍሮ ዘፈዘፍሁት። ጎታውን መልሼ ብመርገውም ጭቃው ሲደርቅ ስንጥቅ አወጣ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ከበሯ ደረስን፤ ሙሴው፣ መምሬ፣ እኔ፣ ዘነበችና ሌሎች አምስት ያህል። ዘነበች በመንገድ ላይ አንገቷን ወደ እኔ አዘንብላ፣ "ለአክስት? ያውም ጊሼ ላለች? የኔ ባል ሲሞት እንኳ እንዲህ በጠዋት አልነቃችሁልኝም" አለችኝ።

"ያንቺ ባል አንቺን ሽሽት ነው የሞተው፤ ዝም በይ" አላት አንዱ ከኋላ። መምሬ ሳል አድርገው ዝም አሰኙን።

የትምወርቅ በሩን ከፍታ ስታየን መጀመሪያ የተመለከተችው ወደ እኔ ነው። ምስጢሯን ያወጣሁባት መስሏት ፊቷ ደረቀ። ቀጥሎ ሽማግሌዎቹን፣ መስቀሉን አየች። "አባይነህ?" አለች በቀጭኑ።

"አይደለም ልጄ፣ ባልሽ አይደለም" አሉ ሙሴው ፈጠን ብለው። "አክስትሽ አልጣሽ ናት። እግዚአብሔር ያጥናሽ።"

ለቅሶዋን ልገልጸው አልችልም። እናት የሆነቻትን ሴት ነው ያጣችው፤ ነገር ግን በዚያ ድምፅ ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ ያላለቀሰችው ሁሉ ነበረበት። መሬት ላይ ስትወድቅ ያነሣኋት እኔ ነኝ። ክብደቷ የልጅ ክብደት ነበር።

ፀሐይ ስትወጣ ንፍሮው ቀረበ። "ቅመሺ" አሏት ሴቶቹ እንደ ደንቡ።

"ስእለት አለብኝ።"

ያን ጊዜ መምሬ ገብረየሱስ መስቀላቸውን አነሡ። ከማንም ምንም ሳይሰሙ ይሁን ከሙሴው ሰምተው አላውቅም። "ሐዘንተኛ ይቀምስ ዘንድ ሥርዓት ነው። ስእለትሽን ፈትቼዋለሁ። ኃጢአት ቢኖርበት በእኔ አንገት ይሁን" አሉና በእጃቸው አጎረሷት። ለረጅም ጊዜ አኘከች። እንባዋ በአገጯ ይወርድ ነበር። እኔ በበኩሌ፣ "ቀስ! ጥቂት ጥቂት! ለልጆቹ አጥሚት ነው፣ ንፍሮ እንዳትሰጧቸው!" እያልሁ ከአንዱ ወደ አንዱ እል ነበር፤ ሁሉም ሰለቹኝ።

ዘነበች አጥሚቱን የምታፈላበት ዕቃ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች። ቶሎ አልወጣችም። ስትወጣ ያ ፊቷ ተለውጧል። ወደ ጆሮዬ ቀርባ፣ "ማሰሮው ሁሉ ታጥቦ ተደፍቷል። አንድ ፍሬ የለበትም። አንቺ ታውቂ ነበር?" አለችኝ።

"ምያለሁ።"

ከንፈሯን ነከሰች። በማግሥቱ አንድ ቅል ባቄላና ተልባ ይዛ መጣች። በሦስተኛው ቀን፣ ሠልስት አለቀ ብለው ሊቀሩ ያሰቡትን ሴቶች በምንጩ ዳር አግኝታ፣ "ለሟች ነው የምትሄዱት ወይስ ለጠላው? የሚቀር ሰው መጀመሪያ እኔ ጋ ይምጣና ምክንያቱን ይንገረኝ" ብላ አስደነገጠቻቸው። የየትምወርቅን ጓዳ ግን ለአንድ ሰው አልተናገረችም። ስለዚያች ሴት ምላስ ያለኝን ሐሳብ በዚያ ሳምንት ለወጥሁ። የሚያመጡት ትንሽ ነው፤ አንዷ እፍኝ ሽሮ፣ አንዷ ሦስት ቂጣ፣ አንዷ ኩበት ብቻ። እየተሸፈነ ይገባል፤ ምን እንዳለበት የሚያይ የለም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጌታነሽ አለቀሰች። አጥሚቱ አነሰኝ ብላ በተቆጣ ድምፅ፣ እግሯን እያወራጨች። ሁላችንም ዝም ብለን ሰማናት። ደስ ያለኝን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የዚያን ዕለት የትምወርቅ ከምድጃው ማዶ ሆና፣ "እትዬ፣ ይህ ሁሉ ለአክስቴ ነው ወይስ ለእኔ?" አለችኝ።

"ብዪና ዝም በይ" አልኋት።

እሑድ ሰንበቴ ላይ ሰው ከደጀ ሰላሙ አልፎ እስከ ጥዱ ተቀምጦ ነበር። እየቆረስሁ ሳለ አባ ተክለጻድቅ እንደ ወትሮው በቦታቸው አለመኖራቸውን አየሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር በዳገቱ ጫፍ ለብቻቸው ይኖራሉ። አንድ ልጃቸው ዳኜ ከኪዳነ ወልድ ጋር በአንድ ቀን ነው የዘመተው።

"ምነው አባ ተክለጻድቅ?" አልሁ።

"ባለቤታቸውን ትናንት አግኝቻት ነበር" አለች አንዷ። "ሱባኤ ይዘዋል፣ ከቤት አይወጡም አለችኝ።"

ቢላዋው በእጄ ላይ ቆመ። ዘነበች ቀና አለች። ሙሴውም ቀና አሉ። የትምወርቅ ከሴቶቹ መሐል ቀስ ብላ ተነሣች።

"ነገ እንሂድ" አለች።

"ማን ሞተባቸው?" አለ ያልገባው አንድ ሰው።

"ማንም" አለችው። "ሳይሞቱ ነው የምንሄደው።"

ያን ማታ ጎታውን እንደገና ከፈትሁ። በለቅሶው ሰባት ቀን የዘሩ እኩሌታ ወጥቶ ነበር። እጄን እስከ ብብቴ ሰድጄ የቀረውን ዳሰስሁ፤ በልጉ ቢዘንብ የላይኛውን ማሳ ብቻ እዘራለሁ፣ የታችኛው ጦሙን ያድራል አልሁ። ባይዘንብስ? ይህን አስቤ እስኪነጋ አልተኛሁም። ቢሆንም ሰፈርሁ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሰባት ሴቶች ሆነን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ የተሸፈነ ንፍሮ ተሸክመን ዳገቱን ወጣን። እንግዲህ በእኛ አገር እንዲህ ሆኖ ወደ አንድ ቤት የሚሄድ ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ ሕፃን ያውቀዋል። እኛ ግን ደግ ሥራችንን እያሰብን ይህን ረሳነው። አሮጊቷ በር ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። አየችን። ቆጠረችን መሰለኝ። ዕቃዎቹን አየች። ተነሥታ ሁለት እጇን በራሷ ላይ ጫነች።

"ልጄን!" አለች። "ዳኜን! ወይኔ ልጄን!"

ደረቷን እየመታች ከበሩ ላይ ወደቀች። እኔም ቅሌ ከእጄ ወደቀ። የሷ ልጅ ያለበት ቦታ የኔም ልጅ አለ፤ ለአንድ አፍታ እውነት መሰለኝ፤ እኛው ያላመጣነውን መርዶ እኛው ያመጣነው መሰለኝ። አብሬያት ጮህሁ። እኔ ስጮህ ደግሞ እሷ ይብስ አመነች።

"አልሞተም! ኧረ ማንም አልሞተም!" ዘነበች ትጮሃለች። "ገበያነሽ፣ ዝም በይ አንቺ የተረገምሽ! እማማ፣ ዳኜ ደኅና ነው! ሚካኤልን!"

ከውስጥ የሽማግሌው ድምፅ፣ "ምንድን ነው? ማን ነው?" ይላል፤ ለመነሣት አቅም እንደሌለው ያስታውቃል። አሮጊቷ ቀስ በቀስ ዝም አለች። ከአንዳችን ፊት ወደ አንዳችን ፊት ተመለከተች፤ የምንደብቃት ነገር ካለ ፍለጋ።

"ካልሞተ" አለች፣ "ሰባት ሴት ንፍሮ ተሸክሞ ምን ሊሠራ መጣ?"

ለለቅሶ ቤት "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" ይባላል። ለተራበ ቤት የሚባለውን ግን ማንም አላስተማረንም። ሰባታችንም መሬት መሬት እናያለን።

የትምወርቅ ወደ ፊት ወጥታ ከአሮጊቷ ፊት ተንበረከከች። መጀመሪያ ለአሮጊቷ ብቻ የምትናገር መስሎኝ ነበር፤ ግን ድምፅዋን ሁላችንም እንድንሰማው አድርጋ ነው የተናገረችው።

"እማማ፣ እኔ ጾመኛ አልነበርሁም። ስእለት አልገባሁም። የምበላው አጥቼ ነው። ልጄ ልትሞትብኝ ሦስት ቀን ቢቀራት ነው። እሸፍነዋለሁ ብዬ እግዚአብሔርን ምክንያት አደረግሁት። እነዚህ ለአክስቴ ነው ብለው ሰባት ቀን አበሉኝ።"

ከሴቶቹ አንዷ ትንፋሿን ሳበች። የማያውቁ ነበሩ። የትምወርቅ ዞር ብላ አላየቻቸውም።

"የመምሬ ወልደ ጻድቅ ልጅ?" አለች አሮጊቷ።

"አዎ።"

"አንቺ? የአባትሽን ካባ እኔ ነኝ የሰፋሁት!"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

አሮጊቷ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ እጇን የየትምወርቅ ራስ ላይ ጭና፣ እሷን ተደግፋ ተነሣችና ከበሩ ዘወር አለች።

"ግቡ እንግዲህ። ሽማግሌው ከዓርብ ጀምሮ ውኃ ብቻ ነው። ሁለተኛ ግን ተሰብስባችሁ እንዳትመጡብኝ። አንድ አንድ እያላችሁ ኑ። ልቤ አይችልም።"

በማግሥቱ የአጥሚት ማሰሮዬን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ከበሩ ሳልደርስ፣ ገና ከዳገቱ ግማሽ ጀምሬ፣ "ማንም አልሞተም! እኔ ነኝ፣ ገበያነሽ! ማንም አልሞተም!" እያልሁ ተጣራሁ።